መሬትን ማንበብ፦ ወጣቶችን ስለ ግጦሽና ስለ አፈር አያያዝ በውድድር ማስተማር

መግቢያ

ድርቅ በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚወሳው የዝናብ መጥፋት ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ከአንድ ደመና በወረደ ዝናብ፣ የአንዱ ገበሬ ማሳ ሲጠወልግ የጎረቤቱ ማሳ ለጥቂት ሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ጥልቀት ያለውና በሣር ወይም በገለባ የተሸፈነ አፈር የወረደለትን ውሃ ወደ ውስጥ አስርጎ ያስቀምጣል፤ የሳሳና የተራቆተ አፈር ግን ውሃውን በጎርፍ መልክ ይለቀዋል፤ ራሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ድርቅ ወደ ረሃብ የሚለወጥበት ፍጥነት፣ በከፊልም ቢሆን፣ የሚወሰነው ዝናቡ ከመቅረቱ ከብዙ ዓመታት በፊት መሬቱ በተያዘበት ሁኔታ ነው።

ይህ ጉዳይ በሠፈራ ሥራ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት በተካሄደው ሠፈራ 600,000 ያህል ሕዝብ ከትግራይ፣ ከወሎና ከሸዋ ተነሥቶ በአብዛኛው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ተወስዷል፤ ከእነዚህም መካከል ያለ ፈቃዱ የሄደው ጥቂት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ደግሞ 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለማስፈር ታቅዶ ነበር። ሠፋሪ ወደ አዲሱ ቦታ ሲሄድ ሞፈርና ቀንበሩን ብቻ ይዞ አይሄድም፤ ልማዱንም ይዞ ይሄዳል። የቀድሞውን መሬት ያደከመው አያያዝ በአዲሱ ላይ ከተደገመ፣ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተወገደም።

በኢትዮጵያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1981 ከተመሠረተ በኋላ፣ የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ የደጋውን መሬት የአፈር መሸርሸር በቁጥር ገምተው አቅርበዋል። በግምቱ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሄክታር በአማካይ የሚታጠበው አፈር ከሚታረስ መሬት 42 ቶን፣ ቋሚ ተክል ካለበት መሬት 8 ቶን፣ ከግጦሽ መሬት 5 ቶን፣ ከደን 1 ቶን ነው። አኃዙ አማካይ በመሆኑ በየቦታው ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ ያስተምራል። ደን መንጥሮ ያለ አንዳች መከላከያ የሚያርስ ሠፋሪ ከዝርዝሩ መጨረሻ ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ይዛወራል ማለት ነው። 42 ቶን አፈር በአንድ ሄክታር ላይ እኩል ቢነጠፍ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህን በአንድ ክረምት ዓይን አይለየውም፤ በሠላሳ ዓመት ግን ግማሽ ስንዝር ያህል ይደርሳል። ጉዳቱ ሲታወቅ ገበሬው አርጅቶ፣ መሬቱን የሚረከበው ልጅ አድጎ ይገኛል።

እንግዲህ አፈር ሲሄድ ማየት የሚችል ዓይን በወጣትነት መሠልጠን አለበት። ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በመስክ ላይ የሚደረግ ውድድር ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም እንዲህ ያለውን ውድድር ለማዘጋጀት ለሚሹ መምህራን፣ የልማት ሠራተኞችና የወጣት ማኅበራት መንገዱን ማመልከት ነው።

ከአዲስ ከተማ የሚታየው

ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከክፍለ ከተሞቿ አንዱ በሆነው በአዲስ ከተማ የሚያድግ ተማሪ በየዕለቱ የሚያየው መንገድና ሕንፃ በመሆኑ፣ ስለ አፈርና ስለ ግጦሽ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ያገኘውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለዚህ ትምህርት የሚበቃ መስክ በቅርቡ አለው።

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ዋነኛው ወንዝ ጥቁር ውሃ ሲሆን፣ እርሱም ከምሥራቅ ከፍታዎች የሚወርዱ ጅረቶች ከሚጠራቀሙበት ከጨለለቃ ረግረግ ተነሥቶ ይመጣል። ጨለለቃ ቀደም ባሉት ዓመታት ክፍት ውሃ የነበረው ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ረግረግና የግጦሽ መስክ ሆኗል። ለዚህም ለውጥ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ደኑ ከተመነጠረው ተዳፋት ታጥቦ የወረደው ደለል ነው። የአካባቢው አፈር በብዛት ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ድንጋይ የተገኘ ስለሆነ፣ ሽፋኑን ካጣ ውሃ በቀላሉ ያነሣዋል። መውጫ ወደሌለው ሐይቅ የገባ ደለል ደግሞ እዚያው ይቀራል። ስለሆነም የአዲስ ከተማ ተማሪ በሐይቁ ዳር ቆሞ የሚያየው ድፍርስ ውሃ የሩቅ ገበሬ ማሳ ክፋይ መሆኑን መገንዘብ ይችላል።

በዚያው አካባቢ ተቃራኒው ምሳሌም ይገኛል። በሲዳማ የእንሰት ጓሮ መሬቱ ዓመቱን ሙሉ በቅጠል ተሸፍኖ፣ የከብት ፍግ እየተጨመረለት ይኖራል። እንሰት ቋሚ ተክል በመሆኑ አፈሩ እንደ እህል ማሳ በየዓመቱ ተገልብጦ ለመጀመሪያው ዝናብ ራቁቱን አይጋለጥም። ተማሪው የጓሮውን አፈርና የተራቆተውን ተዳፋት አፈር በሁለት እጁ ይዞ ቢያመዛዝን፣ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ትምህርት ያገኛል።

የመሬት ውድድር አመጣጥ

የመሬት ዳኝነት ውድድር የተፈጠረው በችግር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች ሣሩ ታርሶ የተጋለጠው አፈር፣ ድርቅ በተከታታይ ሲመታው፣ በነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን አጨለመ። ብዙ ሺህ ቤተሰቦችም መሬታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከተጎዱት ግዛቶች አንዱ በሆነው በኦክላሆማ የሚገኙ የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች በ1940ዎቹ ወጣቶችን ወደ መስክ እያወጡ መሬትን እንዲመረምሩና እንዲፈርዱ ማወዳደር ጀመሩ። ከ1952 ጀምሮም በዚያው ግዛት አገር አቀፍ ውድድር ይካሄድ ጀመር። ዘዴው ወደ ግጦሽ መሬትም ተስፋፍቶ፣ ተወዳዳሪዎች የሣር ዓይነት እየለዩ የመስኩን ሁኔታ የሚፈርዱበት ውድድር ተጨመረ። በ2014 በደቡብ ኮሪያ በጄጁ ደሴት ከተደረገው የዓለም የአፈር ሳይንስ ጉባኤ ጋር ደግሞ የልዩ ልዩ አገሮች ተማሪዎች የተሰለፉበት ዓለም አቀፍ የአፈር ዳኝነት ውድድር ተካሂዷል።

በኢትዮጵያም የውድድር ትምህርት እንግዳ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የጥያቄና መልስ ውድድር የታወቀ ነው። በየቤቱም ልጆች እንቆቅልሽ ይጫወታሉ፤ መልሱን ያላወቀም «አገር» ይሰጣል። በመሬት ዳኝነት ውድድር ግን መልስ ያጣው ጥያቄ እውነተኛ አገር የሚያስወስድ በመሆኑ፣ ጨዋታው ከጨዋታ ያልፋል።

የውድድሩ አካሄድ

ውድድሩ በሦስት ጣቢያዎች ተከፍሎ፣ ከሦስት እስከ አምስት አባላት ባሉት ቡድን ቢካሄድ ይመረጣል። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። አካፋ፣ ገመድ፣ ውሃ፣ ሁለት ጫፉ የተከፈተ ቆርቆሮ፣ መለኪያና ደብተር ይበቃሉ።

አንደኛ ጣቢያ፦ የአፈር ጉድጓድ

በባለመሬቱ ፈቃድ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ውድድሩ ሲያልቅም ተመልሶ ይደፈናል። ተወዳዳሪዎች የሚከተሉትን መርምረው ይመዘግባሉ።

ሀ) የላይኛው ለም አፈር ውፍረት። ይህ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ካለው ይልቅ ጠቆር ያለና ሥር የበዛበት ነው። ቀለሙ የሚለወጥበት ቦታ ይለካል።

ለ) የአፈሩ ዓይነት። እፍኝ አፈር በውሃ ርሶ ከታሸ በኋላ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየተገፋ እንደ ጥብጣብ ይወጣል። አሸዋ የበዛበት ይሻክራል፤ ጥብጣብም አይሠራም። ጥብጣቡ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከወጣ ሸክላ የበዛበት አፈር ነው፤ ከዚያ ያነሰው መካከለኛ ነው።

ሐ) የተዳፋቱ መጠን። ዐሥር ሜትር ገመድ በሁለት እኩል ዘንጎች መካከል ተወጥሮ በውሃ ልክ ይስተካከላል። ገመዱ አግድም እስኪሆን ድረስ በላይኛው ዘንግ ላይ አንድ ሜትር ዝቅ ማለት ካስፈለገው ተዳፋቱ ዐሥር በመቶ ነው።

መ) የአፈሩ ጥንካሬ። ከሣር መስክና ለብዙ ዓመታት ከታረሰ ማሳ የተወሰዱ ሁለት ደረቅ ጓሎች በየብርጭቆው ውሃ ውስጥ ቀስ ተብለው ይቀመጣሉ። ብስባሽና ሥር ያለው ጓል ሳይፈርስ ሲቆይ፣ የደከመው ፈጥኖ ይናድና ውሃውን ያደፈርሳል። ይህ በዝናብ ጊዜ በማሳው ላይ የሚሆነውን በትንሹ ያሳያል።

ሁለተኛ ጣቢያ፦ የሣር መስክ

ተወዳዳሪው በመስኩ ላይ መቶ እርምጃ እየሄደ በእያንዳንዱ እርምጃ የዘንጉ ጫፍ ያረፈበትን ይመዘግባል፤ ሣር፣ የወደቀ ቅጠል፣ ድንጋይ ወይም ባዶ አፈር ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ከመቶው ስንቱ ባዶ አፈር እንደ ሆነ ያለ ሌላ ስሌት ይታወቃል። ቀጥሎ በቆርቆሮው አማካይነት እኩል መጠን ያለው ውሃ በሣር ላይና በተረገጠ ባዶ መሬት ላይ ፈስሶ፣ እስኪሰርግ የሚወስደው ጊዜ ይለካል።

ከዚህ በኋላ የሣሩ ዓይነት ይለያል። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ ስለሚያድግ ብዙ ግጦሽና መረገጥ ይችላል፤ ሰንበሌጥ ረጅም ሆኖ በለጋነቱ ይጋጣል፣ ሲደርቅም ለክዳን ያገለግላል፤ ማገጥ ደግሞ ለከብት የሚስማማ፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን የሚጨምር ነው። በቦረና የግጦሽ መሬት ማታ ጉዴሳ የሚባለው ሣር ከብት ከሚወዳቸው መካከል ነው። በአንድ መስክ ላይ ከብት የሚመርጣቸው ሣሮች እየጠፉ የማይበሉት ከበረከቱ፣ መስኩ ከሩቅ ለምለም ቢመስልም እየደከመ መሆኑን ወጣቱ ማወቅ አለበት።

እዚህ ላይ የሚሰጠው ዋና ትምህርት ሣር ከላይ የሚታየው ብቻ አለመሆኑ ነው። ከቅጠሉ ከግማሽ በላይ ደጋግሞ ከተጋጠ የሥሩ ዕድገት ይገታል። ሥሩ ያጠረ ሣር በመጀመሪያው ድርቅ ይሞታል፤ ያቀፈውንም አፈር ይለቃል። ይህን ለማሳየት ከውድድሩ ሁለት ወር አስቀድሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ በእሾህ ታጥሮ ቢቆይ፣ በአጥሩ ውስጥና ውጭ ያለው ልዩነት ራሱ አስተማሪ ይሆናል።

የአርብቶ አደሩም ዕውቀት እዚህ ሊጠቀስ ይገባል። የቦረና አርብቶ አደሮች የሚታለቡትን ከብቶች በመንደር አቅራቢያ፣ ሌሎቹን ወደ ሩቅ ግጦሽ በመላክ መስኩን የማሳረፍ ሥርዓት አላቸው፤ ለጥጃም ካሎ የሚባል የተከለለ ሣር ያስቀምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የግጦሽ መሬትን በእሳት ማጽዳት ሲከለከል፣ ሣሩን የሚሸፍነው ቁጥቋጦ በስፋት ለመዛመቱ ክልከላው ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድርም ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በነዋሪዎች ስምምነት ለዓመታት እየተዘጋ፣ በችግር ጊዜ እየተከፈተ የኖረ ሲሆን፣ ይህ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ተቋርጧል። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት፣ ሣርን ማስቀመጥ እህልን በጎተራ እንደ ማስቀመጥ መሆኑና ጎተራውን የሚጠብቅ ሥርዓት ሲፈርስ የተቀመጠው እንደሚጠፋ ነው።

ሦስተኛ ጣቢያ፦ ውሳኔና ምክንያት

እስካሁን የተለካው ሁሉ ለአንድ ውሳኔ ዝግጅት ነው። ለቡድኑ አንድ ቤተሰብ ይገለጽለታል፤ ለምሳሌ ሁለት በሬ፣ ሁለት ላምና ስድስት ፍየል ያለው፣ መሬቱም ከፊሉ ሜዳ ከፊሉ ገደላማ የሆነ። ቡድኑ የትኛው ክፍል ይታረስ፣ የትኛው ለአጨዳ ይከለል፣ የት እርከን ይሠራ፣ የት ዛፍ ይተከል ብሎ ወስኖ ምክንያቱን ለዳኞች በቃል ያስረዳል። ከዳኞቹ አንዱ የግብርና ባለሙያ፣ ሌላው በአካባቢው ለረጅም ጊዜ ያረሰ ወይም ያረባ ሰው መሆን ይኖርበታል። በሐዋሳ እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ የጀመረውና ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የግብርና ኮሌጅ፣ በአቅራቢያውም ያለው የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ መኖራቸው ባለሙያ ለማግኘት ይረዳል።

የዚህ ጣቢያ ጥቅም በሚከተለው ምሳሌ ይገለጻል። አንዲት ተማሪ ገደላማው ከግጦሽ ይከለል ብላ ብትወስን፣ ሽማግሌው ዳኛ «ልጄ፣ እስኪያገግም ድረስ ፍየሎቹ ምን ይብሉ?» ብሎ ሊጠይቃት ይገባል። «አባባ፣ ሣሩን እያጨድን በቤት እናበላቸዋለን፤ በእርከኑ ጫፍ ላይም ዴሾ እንተክላለን» ብትል መልስ ሰጥታለች። «ይከለል ተብሎ ተምረናል» ብትል ግን የተባለውን አስታወሰች እንጂ አልፈረደችም። ዴሾ ከጋሞ ደጋ ከጨንቻ አካባቢ የተገኘ፣ ለእርከን ማጠናከሪያም ለመኖም የሚሆን ሣር በመሆኑ፣ መልሷ ሁለቱን ችግር በአንድ ጊዜ ይነካል።

ነጥብ አሰጣጥ

ከመቶ ነጥብ ሠላሳው ለትክክለኛ ምርመራና ልኬት፣ አርባው ለውሳኔውና ለምክንያቱ፣ የቀረው ሠላሳ ደግሞ ከውድድሩ በኋላ ለሚሠራው ሥራ ቢመደብ መልካም ነው። ይህ የመጨረሻው ክፍል ከክረምት በፊት አይሰጥም። እያንዳንዱ ቡድን በትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም በተፈቀደለት ቦታ ላይ ትንሽ መሬት ተረክቦ ይንከባከባል፤ ዳኞችም በጥቅምት ተመልሰው ባዶው አፈር ምን ያህል እንደ ቀነሰ፣ የተተከለው ስንቱ እንደ ጸደቀ ይቆጥራሉ። ሽልማቱ የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው።

ሊወሰድ የሚገባው ጥንቃቄ

በአገሪቱ የአፈር ጥበቃ ታሪክ ውስጥ ቁጥር ብቻውን ያሳሳተበት ጊዜ አለ። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር እርከን ተሠራ። ሥራው ከፍተኛ ድካም የጠየቀና በብዙ ቦታም ጥቅም የሰጠ ነበር። ነገር ግን እርከኑ ለምን በዚያ ቦታ እንደሚሠራ ባለመሬቱ ሳይጠየቅ በተሠራበት ስፍራ፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ታርሶ ፈረሰ። ገበሬው ያላመነበትን ሥራ አልጠበቀውም። በተተከለ ችግኝ ብዛት ብቻ የሚሸልም ውድድርም ይህንኑ ስሕተት በልጆች ላይ ይደግማል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አንደበተ ርቱዕ ብቻ እንዳያሸንፍ ነው። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ሣር ሲለይ ከሁሉ ሊበልጥ፣ በጽሑፍ ግን ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ የሣሩን ስም በአካባቢው ቋንቋ በቃል መናገር እንደ ሙሉ መልስ መቆጠር አለበት። ሦስተኛው፣ ጥያቄው ሁሉ ስለ በሬና ስለ ማረሻ ከሆነ ሴቶች ልጆች የሚያውቁት ይቀራል። ውሃ የሚቀዱት፣ ሣር የሚያጭዱት፣ ጓሮ የሚያለሙት በብዛት እነርሱ እንደ መሆናቸው፣ ምንጭ ስለ መድረቁና ሣር ስለ መራቁ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አራተኛው፣ ውድድሩ በሚካሄድበት መሬት ላይ ያለውን ገበሬ የሚያሳፍር መሆን የለበትም። ተዳፋት የሚያርስ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ መሬት ስለሌለው ነው፤ ተማሪዎቹ ይህን ሳይጠይቁ ቢፈርዱ ፍርዳቸው ጎደሎ ይሆናል።

ማጠቃለያ

ሠፈራ ለድርቅ የመጨረሻ መልስ ተደርጎ በተወሰደባቸው ዓመታት የታየው፣ ሰውን ከደከመ መሬት ወደ ለም መሬት ማዛወር ለሙን መሬት ከድካም እንደማያድነው ነው። የሚያድነው በላዩ የሚኖረው ሰው የአያያዝ ዕውቀትና በመሬቱ ላይ ያለው ዋስትና ነው። ዋስትናው የመንግሥትና የሕግ ጉዳይ ሲሆን፣ ዕውቀቱ ግን በትምህርት ቤት ሊጀመር ይችላል። በአዲስ ከተማ አንድ የአፈር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የለሙን አፈር ውፍረት በስንዝር የለካ ወጣት፣ ነገ ገበሬ፣ መሐንዲስ ወይም ሠፈራ የሚወስን ባለሥልጣን ቢሆን፣ «ይህ መሬት ስንት ሰው ይችላል?» ብሎ መጠየቅን አይረሳም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ካሉት ጅረቶች በክረምት ይበልጥ የሚደፈርሰው የትኛው ነው? አፈሩ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

2. ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ቀድሞ ይገኝ የነበረና ዛሬ የጠፋ የሣር ዓይነት አለ? ከመቼ ጀምሮ ጠፋ?

3. መቶ እርምጃ ሄዳችሁ በምትቆጥሩት መስክ ላይ ስልሳው ባዶ አፈር ቢሆን፣ ከብቱን ከማስወጣት በፊት ለባለቤቱ ምን ዓይነት መኖ ታዘጋጁለታላችሁ?

4. በደን የተሸፈነ ቦታ ለሠፈራ ቢመረጥ፣ ከመመንጠሩ በፊት መለካት ያለባቸውን አምስት ነገሮች ዘርዝሩ፤ የእያንዳንዱንም ምክንያት አስረዱ።